በሌሊት የገባሁባት ከተማ
(በመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ወደ እንግዳ ከተማ በቀን የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሕንፃዋን ያያል፤ በሌሊት የሚገባ ግን የሚያገኘው ሙቀቷን፤ ሽታዋንና የሰዎቿን ድምፅ ብቻ ነው። እኔም ሞምባሳን ያወቅኋት እንዲሁ በጨለማ ነው።

እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. በተከፈተው ሐዲድ ከናይሮቢ ከቀትር በኋላ ተነሥተን ሚሪቲኒ ከሚባለው ጣቢያ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከባቡሩ እንደ ወረድሁ ካፖርቴ ከበደኝ፤ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ወበቅም እንደ እርጥብ ሸማ ፊቴን ሸፈነው። ከዚያ ከተማዪቱ ወዳለችበት ደሴት ተሻግሬ ከማደሪያዬ ደረስሁ።

በደጁ የነበሩትን ሽማግሌ ዘበኛ፤ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደኝ መኪና መቼ እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም አንድ ጣታቸውን አንሥተው «ሳአ ሞጃ» አሉኝ። «ሳአ» የእኛው «ሰዓት» ዘመድ፤ «ሞጃ» ደግሞ አንድ ማለት መሆኑን በመንገድ ተምሬ ነበር። ነገር ግን አገሬን ከለቀቅሁ ጀምሮ በፈረንጅ ሰዓት እመራ ነበርና፤ ከቀትር በኋላ ማለታቸው መሰለኝ። ትምህርት ቤት በዚያ ሰዓት እንዴት ይኬዳል? ተሳስተዋል ብዬ በሆዴ ታዘብኋቸውና ተኛሁ።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ፤ መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል። ሽማግሌው ሳይቈጡ አንድ ጣታቸውን እንደ ገና አነሡና፤ ብቅ ያለችውን ፀሐይ አመለከቱኝ።

ያን ጊዜ አፈርሁ። ለካ የስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛ የቀኑን ሰዓት የሚቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው! በምድር ወገብ አቅራቢያ ፀሐይ የምትወጣበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይለዋወጥምና፤ አቈጣጠሩ ለአገሩ የተስማማ ነው። ሽማግሌው የነገሩኝ በእናቴ ቤት ያደግሁበትን ሰዓት ነበር። ያሳሳተኝ የእርሳቸው ቋንቋ ሳይሆን፤ የራሴን አቈጣጠር ከድንበር ላይ ጥዬ መሄዴ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ወደ ክፍላችን የሚገባው ሕፃን በሌሊት ከተማ እንደ ገባ መንገደኛ ነው። ደወላችንንም ሥርዓታችንንም አያውቅም። ይሁን እንጂ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ከቤቱ ይዞት የመጣው ቍጥርና ቋንቋ አለው። ስለዚህ መልሱ ከእኛ መልስ ሲለይ «ተሳስተሃል» ከማለታችን በፊት፤ ከየት ጀምሮ እንደ ቈጠረ እንጠይቀው። እኔ በዚያች ሌሊት አንዲት ጥያቄ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ፤ ሽማግሌውን ባልታዘብሁ፤ የሚጠብቁኝንም መምህራን ባላስረፈድሁ ነበር።