ትውልድ ስንቆጥር ያገለገሉንንም እንቁጠር
(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ ስለ ጦር ሜዳ ጀግና አላወራም። ስለ አንዲት እናት ነው የማወራው። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰባት ቤት መቁጠር የምትችሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት… ከዚያስ? አያቶቻችን ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ለጉራ አልነበረም። ማን ከማን እንደማይጋባ፣ ርስቱን ማን እንደሚካፈል የሚታወቀው በዚያ ነበር። ቆጠራው ሥራ ነበረው።

እኛስ? እኛ «የእነ እገሌ ልጆች ነን» ብለን ፖስት እናደርጋለን። ክፋት የለውም። ግን የምንቆጥረው ደጃዝማቹንና ፊታውራሪውን ብቻ ነው። የተራበ ያበላችውን፣ የሰው ልጅ ያሳደገችውን ማን ይቁጠራት?

የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን አስታውሱ። ብዙዎች «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» የሚሏቸው እናታችን። የተወለዱት በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነው፤ ሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር። ዘመኑን ልብ በሉልኝ! ፋሽስት ጣሊያን ወሰን ጥሶ ከገባ ገና ሳምንታት ነበሩ። አባታቸው በዚያው ጦርነት ወደቁ። አበበች አባታቸውን ሳያውቁ በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። አስር ዓመት ሲሆናቸው ሳይጠየቁ ተዳሩ። እምቢ አሉ፤ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። ፊደል ቆጠሩ፣ ሥራ ያዙ፣ ቡናና እህል በሚሸጥ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ፣ ትዳርም መሠረቱ። እንግዲህ ኑሮ ተስተካከለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር።

ወሎ በረሃብ ባለቀበት ዘመን ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄዱ። እዚያ በሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረው አምስት ዳቦና አምስት ሊትር ጸበል ነበር። እሱን ለተራቡት አከፋፈሉ። ከዚያ ሕፃኗንና ሌላ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ።

ባለቤታቸው መጀመሪያ ላይ ደግፈዋቸው ነበር። በኋላ ግን ከእሳቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ አስገደዷቸው። እናታችን ልጆቹን መረጡ። አብዛኛውን ንብረታቸውን ትተው ወጡና ጫካ ውስጥ ባለች ጎጆ ኖሩ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠጅ እየሸጡ አሳደጓቸው። ቆይተው ቦታ ገዙ፣ አምስት ክፍል ቤት ሠሩ። ፈቃድ ማግኘት ሲከብድ ሰው ለምነው፣ ረዳት አሰባስበው፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር አቆሙ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በ85 ዓመታቸው አረፉ።

አያችሁ? አባት ለአገር ሞተ፣ ልጅ ለአገር ልጆች ኖረች። በአንድ ቤት ሁለት አርበኝነት! የአንዱን መዝግበን የሌላዋን ከተውን ታሪኩ ጎዶሎ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ የሚከፋው ይከፋው። እኛ በየቀኑ «ወገን፣ ወገን» እንላለን። እነዚያ 21 ልጆች ለአበበች የሥጋ ዘመድ አልነበሩም። የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው አይደለም ያነሷቸው። ወገንነት ማለት ይሄ ነው። የወገን ፍቅራችን ኮሜንት ላይ ከመሳደብ ካላለፈ፣ አንድ የተራበ ካላበላ፣ የእሳቸውን ፎቶ ፕሮፋይል ማድረጉ ምን ይረባናል?

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልመለስ። ታዋቂ ያልሆኑ አበበቾች በየመንደራችን አሉ። እድራችንን ተመልከቱ። ድንኳኑን የሚያስተክለው፣ ወንበርና ድስቱን ቆጥሮ የሚረከበው፣ ወርኃዊ መዋጮውን የሚጽፈው ሰው ማነው? ብዙ ጊዜ ይህን የሚሠራው በበጎ ፈቃድ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው አባት ወይም እናት ነው። የእድሩ መዝገብ ደግሞ ተራ ደብተር እንዳይመስላችሁ። የአባሉ ስም አለ፣ የቤተሰቡ ስም አለ፣ ማን መቼ እንደሞተም አለ። የሰፈሩ የቤተሰብ ታሪክ ያለው እዚያ ውስጥ ነው!

ከተማችን ግን እየተለወጠች ነው። የድሮ ሰፈሮች ይፈርሳሉ፣ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄዳል። እዚሁ ክፍለ ከተማችን ጀሞን እዩ፤ ከየሰፈሩ የመጣ ሰው በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል፤ የጎረቤቱን አባት ስም ግን አያውቅም። ጎረቤት ሲበተን እድር ይበተናል። እድር ሲበተን ደብተሩ የት ይገባል? ጸሐፊው ሲያርፉስ ማን ይረከባል?

ስለዚህ ሦስት የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ሳምንት አያታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያሉ ትልቅ ሰው ዘንድ ሂዱ። ስልካችሁን አውጡ፣ አስፈቅዱና ድምፃቸውን ቅረጹ። «ጀግናችሁ ማን ነበር?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ «በክፉ ቀን ማን አበላችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የእድራችሁን ሹማምንት አነጋግሩ። ከፈቀዱላችሁ የድሮውን መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱና መልሳችሁ ለእድሩ አስረክቡ። የሰው ገመና ስላለበት እዚህ ፔጅ ላይ እንዳትለጥፉት! ሦስተኛ፣ ከእነዚያ አገልጋዮች የአንዱን ሥራ ተረከቡ። ወንበር ተሸከሙ፣ ደብተር ጻፉ። ማስታወስ ማለት መተካት ነው።

የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ትምህርት አለው። ሽቦ አልባው የቴሌግራፍ ጣቢያ ሲተከል ሕዝባችን «ንፋስ ስልክ» አለው፤ ድምፅ ያለ ሽቦ በንፋስ ሲያልፍ አየና። ከአያት ወደ ልጅ የሚያልፈውም እንደዚያው ነው፤ ሽቦ የለውም፣ ግን የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ ተቀባዮቹ እኛ ነን። ሰባት ቤት ስትቆጥሩ የወለዳችሁን ብቻ ሳይሆን ያገለገላችሁንም ቁጠሩ።

ክብር በየመንደሩ ስማቸው ሳይጠራ ላገለገሉን እናቶችና አባቶች!