የዘንባባን ልብ ከውርጭ መጠበቅ



ለሆሳዕና ገበያ በጓሯችሁ ዘንባባ የምትተክሉ አላችሁ። ዘንባባ እርጥበትና ሙቀት ስለሚወድ፣ ውርጭ በሚጥልበት ቀበሌ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መጀመሪያ ተክሉን ለዩ። የዘንባባ ቅጠል እንደ ላባ በግራና በቀኝ የተሰነጠቀ ነው፤ ከግንዱ አጠገብ እሾህ አለው፤ ሲያድግ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል።

ቡና ውርጭ ቢመታው ከታች ያቆጠቁጣል። የዘንባባ ግንድ ግን የሚያድገው ጫፉ ላይ ካለው አንድ ልብ ብቻ ነው። ልቡ ከሞተ ያ ግንድ አይመለስም።

ስለዚህ ክረምት ሲገባ ትከሉ፤ ሥሩ ከጥቅምት በፊት መሬት ይይዛል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ረባዳ ቦታ አትምረጡ፤ የቤት ግድግዳ ወይም የድንጋይ ካብ ጥግ ይሻላል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ካለ ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል፤ አፈሩን በቀን አጠጡ፣ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስባችሁ እሰሩ፣ በደረቅ ሣር ሸፍኑ። ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡት።

ውርጭ ያቃጠለውን ቅጠል ወዲያው አትቁረጡ፤ ልቡን ይከልልለታል። ከመሃል አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ጠብቁ። ለሆሳዕና ስትቆርጡም ከዳር ያለውን ውሰዱ፤ የመሃሉን አትንኩ።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን ወደ ሠርቶ ማሳያው ወጥተን በተክሉ ላይ እናያለን።