ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የምንሰንቀው ስንቅ



ከእኛ ከተመራቂዎቹ መካከል በሰው አገር በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የምንመኝ አለን። የአፍሪካ ኅብረትም በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ስላቋቋመ መንገዱ ተከፍቷል። ታዲያ ስንቃችን ምን ይሁን?

በ1962 እ.ኤ.አ. ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባላት ሊያስተምሩ ወደ አገራችን ሲመጡ፥ አስቀድመው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረው ነበር። እኛም ከሻንጣው በፊት የምንሄድበትን አገር ቋንቋ እንያዝ። ለቢጫ ወባ ከጉዞው 10 ቀን አስቀድሞ መከተብ ይበቃል፤ ለትዕቢት ግን ክትባት የለም፤ መድኃኒቱ ጠይቆ መማር ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፥ «የራሳችን መንደር ሳይማር ለማን ልትደርሱ ነው?» ብትሉን እውነት አላችሁ። ስለዚህ በመጪው ክረምት በየሰፈራችን ፊደል በማስቆጠር እንጀምራለን፤ በደጁ ያልታዘዘ በሰው ደጅ አይታዘዝምና። ያን ጊዜ መርቃችሁ ሸኙን።