ቴሌቪዥንና የቤተ ሰብ የምሽት ጊዜ



የልጅ ትምህርት በትምህርት ቤት ደወል ተጀምሮ በደወል የሚያበቃ አይደለም። ልጁ ከመምህሩ ፊት የሚቀመጠው በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ሲሆን፥ የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው በቤቱና በሠፈሩ ነው። እንግዲህ ምሽቱን ማን እንደሚያስተምረው መጠየቅ የመምህርም ጉዳይ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ምሽቱን የያዘው ቴሌቪዥን ስለ ሆነ፥ ጥቅሙንና ጉዳቱን በሚዛን አስቀምጦ መመርመር ይገባል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው፤ በጎረቤት አገር በኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ተጀምሯል። በመጀመሪያው ዘመን መሣሪያው የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ቤት ስለ ነበረ የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ይመለከቱት ነበር። ከዚያው ከመነሻው አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩት ተስፋዬ ሣህሉ፥ በ2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ «አባባ ተስፋዬ» እየተባሉ የብዙ ቤት አያት ሆነው ኖረዋል። ይህም ማለት መሣሪያው በራሱ የቤተ ሰብ ጠላት አይደለም፤ የሽማግሌንም ተረት ሊሸከም ይችላል።

ዳሩ ግን የአንድ ነገር ጥቅምና ጉዳት በሚገባበት ቤት ሁኔታ ይለካል። በኬንያ ሞያሌ የሚገኘውን ኦቦን እንደ ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አገሩ የቦረና አገር ነው፤ ቦረናም በድንበሩ ወዲያና ወዲህ የሚኖር አንድ ሕዝብ ነው። ልጁ በቤቱ የእናቱን ቋንቋ ኦሮምኛን ይናገራል፤ በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይማራል፤ ከድንበሩ ወዲህ ሲሻገር አማርኛ ይሰማል። ድንበር የማያግደው ዲሽ በተተከለበት ቤት እነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ፥ ሌሎችም ተጨምረው፥ በአንድ ምሽት ይገባሉ። ዓለምን ለማወቅ ይህ ታላቅ በር ነው።

የቦረና ታሪክ ግን ከጥንት ጀምሮ የተጠበቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በሽማግሌዎች አንደበት ነው። ዘመን የሚቈጠረው በየ8 ዓመቱ በሚለዋወጡት በአባ ገዳዎች ስም ነው፤ የትኛው ድርቅ፥ የትኛውም ዕርቅ በማን ዘመን እንደ ሆነ ልጅ የሚያውቀው አዋቂ ሲናገር አጠገቡ ተቀምጦ ሲሰማ ነው። ይህን ትምህርት ማንም በአዋጅ አልሻረውም፤ የሚያሠጋው የሚነገርበት ምሽት መጥፋቱ ነው። አያቱ ሳይናገሩ፥ ልጁም ሳይጠይቅ የሚያልፈው ምሽት ሲደጋገም፥ ከአያቱ ጋራ ታሪኩም ይቀበራል።

በአማርኛ ተናጋሪው ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ያስፈልጋል፤ መልሱን ያጣ ልጅም አገር ይሰጣል። ጨዋታው ያለ ሁለት ሰው አይቆምም። ቴሌቪዥን ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ልጁ ቢሳሳት አያርመውም፥ ቢጠይቀው አይመልስለትም።

ይህን ጉድለት መምህራን በክፍላቸው አይተውታል። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት፥ ፕላዝማ በተባለው መስተዋት፥ በእንግሊዝኛ መሰጠት ሲጀምር፥ መምህሩ የተተወለት ትምህርቱን ለማስተዋወቅና ለማጠቃለል የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነበር። ትምህርቱ ተማሪው ተረዳም አልተረዳም ይሮጥ ስለ ነበረ ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። በሌላው በኩል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት የኬንያ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፥ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጥቷል። ያን ጊዜ መሣሪያም መብራትም ያልነበረው ልጅ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ «ቴሌቪዥን ይቅር» ማለት ለድኻው ልጅ የሚበጅ ምክር አይደለም።

የሚበጀው ልክ ማበጀት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን መስተዋት ፊት ባይቀመጥ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ እንደሚሻል መክሯል። ከዚህ ዕድሜ በላይ ላለው ልጅ ደግሞ እንቅልፉ፥ ጥናቱና ጨዋታው አስቀድመው ቦታቸውን ይያዙ፤ ቴሌቪዥኑ የሚያገኘው ትርፉን ጊዜ ይሁን። የእጅ ስልክ እየበዛ በሄደ መጠን ጥንቃቄው መጨመር አለበት፤ ቴሌቪዥን ቤተ ሰቡን በአንድ ክፍል ያስቀምጥ ነበር፥ ስልክ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ያስቀምጠዋል።

የመምህሩ ድርሻ ቀላልና የሚቻል ነው። ተማሪዎቹ ማታ ያዩትን በቃላቸው እንዲተርኩ፥ ቀጥሎም እውነቱን ከልብ ወለዱ እንዲለዩ ይጠይቃቸው። በሳምንት አንድ ቀን ከአያት ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ታሪክ ሰምተው፥ ጽፈው እንዲመጡ ያዝዛቸው። ሹማምንትም በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ክፍያና ስለ ቀሪ ተማሪ እንደሚነጋገሩ ሁሉ፥ ስለ ምሽቱ ሰዓት አጠቃቀም ይነጋገሩ። ወላጅም ልጁ የሚያየውን አብሮ ይይ፤ ሲያበቃም መሣሪያውን ዘግቶ ስለ ታየው ነገር ከልጁ ጋራ ይነጋገር። የታየው ነገር ዕውቀት የሚሆነው በዚህ ንግግር ነውና።