አደራ የተበላባቸው ወንድማማቾች
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





የዛሬው በዓል መርሐ ግብር ስለ ምርት፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይዟል። ይህች አጭር ጊዜ ግን የተመደበችው በሰላሌ ምድር በወጣትነታቸው ለወደቁት ለደጃዝማች አስፋወሰን ካሣና ለታላቅ ወንድማቸው ለደጃዝማች አበራ ካሣ መታሰቢያ ነው።

ሁለቱም የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ልጆች ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ አባታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲሰደዱ ልጆቹ ፍቼ ላይ ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች ከየአቅጣጫው አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲነሡ የደጃዝማች አበራ ጦርም ከሰላሌ ዘምቷል። ወሩ ክረምት፣ ወንዙ ሙሉ ነበር። ጦሮቹ መልእክት መለዋወጥ ስላልቻሉ ጥቃቱ ሳይሳካ ቀረ። በማግሥቱ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ።

በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጠላት ፍቼን ከበበ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አማላጅ ሆነው ገቡ፤ እጃቸውን ቢሰጡ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ለወንድማማቾቹ ቃል ተሰጣቸው። ቃሉን አምነው ወጡ። ታኅሣሥ 12 ቀን ግን ሁለቱም ተገደሉ። ሌላው ወንድማቸው ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣም በዚያው ወር በላስታ በኩል ተይዘው ተገድለዋል።

ይህ በአንድ አዛዥ ቁጣ ብቻ የመጣ ነገር አልነበረም። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. በቴሌግራም የሚማረኩ አርበኞች ሁሉ እንዲረሸኑ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ታኅሣሥ የተማረኩት ልዑል ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ታስረው በኋላ በሕይወት ለአገራቸው በቅተዋል። እንግዲህ ምርኮኛን ማኖር የማይቻል ሆኖ ሳይሆን፣ ስላልተፈለገ ነው የፍቼዎቹ የሞቱት።

አባታቸው በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ከእነዚህ ሦስት ልጆቻቸው አንዱም አልጠበቃቸውም። ጠላትም ቢሆን አላተረፈም። ቃሉ እንደማይታመን ያየው አርበኛ በየበረሃው እስከ ድል ቀን ድረስ ተዋጋ።

ውድ አባላት፣
ገበሬ እህሉን ለማኅበሩ መጋዘን የሚያስረክበው ቃልንና ሚዛንን አምኖ ነው። እምነት አንድ ጊዜ ከተበላ የሞላ ጎተራም አይመልሰውም። አቅም ባለው ሰው እጅ የወደቀ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ንብረት፣ አደራ ነው።

ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየቀበሌው ዛሬም አሉ። የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤቶችና ማኅበራቱ ተባብረው የእነርሱን ቃል በጽሑፍና በድምፅ ቢያስቀሩ፣ ታኅሣሥ 12ም በየትምህርት ቤቱ ቢታሰብ፣ ለእነዚያ ወጣቶች የሚገባው ሐውልት እርሱ ነው።

ቃልን አምነው ለወደቁት ሁሉ ክብርና ዘለዓለማዊ መታሰቢያ ይሁን!