የነርቭ ሕመምና በኤሌክትሪክ የታገዘ የመርፌ ሕክምና



አልማዝ ባለ ጭራ የሚባለው በሽታ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ለማንም እንግዳ አይደለም። የጉድፍ ቫይረስ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖርና ሰውነት ሲደክም በአንድ ወገን ደረት ወይም ፊት ላይ ውኃ ቋጥሮ ይወጣል። ቁስሉ በጥቂት ሳምንታት ይደርቃል፤ ሕመሙ ግን በተለይ በሽማግሌዎች ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀራል። ነጠላው ደረቱን ሲነካው እሳት ያረፈበት ያህል ይሰማዋል። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ የሚቃጠልበትም፣ ከሥጋ ደዌ ከዳነ በኋላ ክንዱን የሚጠዘጥዘውም ሰው ሕመሙ ከዚሁ ወገን ነው። የገጠሩ ሰው «ጅማቴን ነው» ይላል፤ ቃሉ ነርቩንም የደም ሥሩንም በአንድነት ስለሚጠራ ሐኪሙ ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል። ተራ ማስታገሻ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም እምብዛም አይረዳም፤ አሚትሪፕቲሊንና መሰሎቹም የሚያሽሉት ከሕሙማኑ ከፊሉን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ዋግምት ቢያስደርግ ወይም በጋለ ብረት ቢተኮስ አያስደንቅም። መርፌ ወግቶ ሕመም ማስታገስ የሚለው የቻይና ጥበብም ለእርሱ ከእነዚህ የራቀ ነገር አይደለም። የቻይና የሐኪሞች ቡድን ከሔናን ክፍለ ሀገር ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው በ1974 ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)፣ በአዲስ አበባ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም ይኸው ሕክምና ይሰጣል። ለባለሙያ የሚቀረው ጥያቄ ከመርፌው በስተጀርባ ምን አለ የሚለው ነው።

የቤጂንግ የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪ የነበሩት ሃን ጂሸንግ ጥናቱን የጀመሩት በ1965 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መርፌ ከተደረገላት ጥንቸል አንጎል የተቀዳ ፈሳሽ ወደ ሌላ ጥንቸል አንጎል ሲገባ፣ ያልተወጋችውም ሕመምን መቻል እንደ ጀመረች ተመለከቱ። እንግዲያስ በፈሳሹ ውስጥ አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው። በ1976 በቶሮንቶ ብሩስ ፖሜራንዝና ባልደረባቸው በአይጦች ላይ የሞርፊንን ሥራ የሚያግደውን ናሎክሶን ሲሰጡ የመርፌው ጥቅም ጠፋ። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሞርፊን መሰል ቅመም በነገሩ ውስጥ እንዳለበት ይህ አመለከተ። በኋላም የሃን ቡድን የኤሌክትሪኩ ምት በሴኮንድ 2 ጊዜ ሲሆን ኤንኬፋሊንና ኤንዶርፊን፣ 100 ጊዜ ሲሆን ግን ዳይኖርፊን እንደሚለቀቅ አሳየ።

ይህ ሁሉ ስለ ጤነኛ እንስሳ ነው። የተጎዳ ነርቭ ጉዳይ የተለየ በመሆኑ፣ በ1988 ቤኔትና ሺዬ የአይጥን ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ከአንጀት በተሠራ የስፌት ክር በ4 ቦታ ላላ አድርገው አሠሩት። ከጥቂት ቀን በኋላ አይጡ እግሩን መሬት ማስነካት ይፈራል፣ ይልሰዋል። አይጥ «አመመኝ» ስለማይል መዳፉ በቀጭን ክር ይነካና በስንት ጫና እግሩን እንደሚሰበስብ ይለካል። የዚህ መለኪያ አባት ፎን ፍራይ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ሲጀምሩት የተጠቀሙት በሰው ጠጉርና በፈረስ ጭራ ነበር፤ የማሲንቆ ክር የሚሠራበት ያው ጭራ መሆኑ ነው!

ነርቫቸው በተጎዳ አይጦች ላይ ከጉልበት በታች ዙሳንሊ በተባለው ቦታ መርፌ ተተክሎ ደካማ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት፣ መዳፉ የሚችለው ጫና ከፍ ይላል። በነዚህ አይጦች በሴኮንድ 2 ጊዜ የሚመታው ከ100ው የተሻለ ሆኖ የተገኘባቸው ጥናቶች አሉ። በኅብለ ሠረሠር ውስጥ ሕመሙን የሚያባብሱት ግሊያ የተባሉት ሴሎችም ጋብ ሲሉ ታይቷል። በ2010 በአሜሪካ የኔደርጋርድ ቡድን ያለ ኤሌክትሪክ መርፌውን በማሽከርከር ብቻ አዴኖሲን በተወጋው ቦታ እንደሚጨምር፣ የአዴኖሲን መቀበያ በሌላቸው አይጦች ግን ሕመሙ እንደማይታገስ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ አይጡ መርፌ ሲደረግለት ታስሮ ወይም ተይዞ ነው፤ ድንጋጤም ብቻውን ኤንዶርፊን ያስለቅቃል። ለማነጻጸሪያ የቀረበው አይጥ እኩል ካልታሰረ ውጤቱ አያስተማምንም። ብዙዎቹ ጥናቶች የተደረጉት በወጣት ወንድ አይጦች ላይ፣ ነርቩ ከተጎዳ ከቀናት በኋላ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣው ሕመምተኛ ግን የ65 ዓመት ገበሬ ነው፤ ነርቩን የጎዳው ክር ሳይሆን ቫይረስ ነው፤ የሚመጣውም ብዙ ወር ከቆየ በኋላ ነው። በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማም በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ጥቂትና ደካማ በመሆናቸው መርፌው ለነርቭ ሕመም ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብሎ ለመፍረድ እንደማይበቁ ገልጿል።

ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ክፍት በሆነበት ጊዜ እንኳ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። በአይጥ የአንድ ጊዜ ሕክምና ውጤቱ ብዙ ጊዜ በሰዓታት የሚቆጠር ስለሆነ፣ ሰውም በተደጋጋሚ መመላለስ ይኖርበታል። ስለዚህ ሐኪሙ ገበሬውን ጥጃውን ሸጦ እንዲሄድ ከመምከሩ በፊት፣ አሚትሪፕቲሊኑ ከትንሽ መጠን ተጀምሮ በየማታው ለሳምንታት መወሰዱን፣ ወይስ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ተብሎ መጣሉን ቢጠይቅ ይበጃል።