ከጅራታም ኮከብ የመጣ ናሙና
(ፍኖተ ሰላም ላይ በተሰባሰብንበት ዕለት የተደረገ ንግግር)



«ስለ ሥራሽ ንገሪን» ስትሉኝ የደም ምርመራ ነገር የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት በጅራታም ኮከብ ብናኝ ነው። ዘመኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ስታርደስት የምትባል የአሜሪካ መንኮራኩር በ1999 ተነሥታ በ2004 ቪልት 2 በተባለው ጅራታም ኮከብ አጠገብ አለፈች። ብናኙ የሚመጣው በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጥይት ስድስት እጥፍ ይፈጥናል። ጠንካራ ነገር ላይ ቢያርፍ ተንኖ ይጠፋል። ስለዚህ ኤሮጄል በሚባል፣ ከሞላ ጎደል አየር በሆነ ነገር ተቀበሉት። ብናኙ እንደ ካሮት የሾለ ዋሻ እየሠራ ገብቶ ይቆማል። አብዛኛው ከጤፍ ፍሬ እጅግ ያንሳል። በ2006 ናሙናው ዩታ በረሃ ላይ በፓራሹት ወረደ።

የኛ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከናሙናው ግላይሲን ተገኘ፤ ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ። ደስ ይላል! ግን ግላይሲን እኮ በጣታችንም በላባችንም አለ። የደም ካልቸር ላይ ባክቴሪያ ሲበቅል «የበሽተኛው ነው ወይስ የቆዳው?» እንደምንለው ማለት ነው። ሰዎቹ አልቸኮሉም። የካርቦኑን አይሶቶፕ ለክተው፣ ከምድሩ ግላይሲን ይልቅ ካርቦን 13 በዝቶበት ሲያገኙት ነው በ2009 «የኮከቡ ነው» ያሉት።

አውሮፓውያን ደግሞ ሮዜታን ላኩ። እሷ በ2014 ሌላ ጅራታም ኮከብ ዘንድ ደርሳ ብናኙን እዚያው መረመረች። ላቦራቶሪውን በሽተኛው ቤት መውሰድ በሉት፤ እኛ ጤና ኬላ ላይ በወባ ፈጣን ምርመራ እንደምናደርገው።

ብናኝ ማየት ለአገራችን ሕክምናም አዲስ አይደለም። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ እግራቸው ካበጠ ገበሬዎች ንፍፊት ወስዶ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአፈር ብናኝ አየበት። «የዘር እርግማን» ሲባል የኖረው እብጠት፣ ዘር ድርሻ ቢኖረውም፣ ቀይ አፈርና ባዶ እግር ሆኖ ተገኘ። ያቺን ንፍፊት አንድ ሰው በደንብ ባይዛት ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

ከቡሬ ገጠር ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ ስሙ በላብ ጠፍቶ የሚደርስ ናሙና ስንቶቻችን ተቀብለናል? ሮዜታን ለየቀበሌው መላክ አንችልም። ማኅበሩ ዘንድሮ ምን እንግዛ ብሎ ጠይቋል፤ የኔ ድምፅ ናሙና ለሚያመላልሱት ጤና ጣቢያዎች የቅዝቃዜ ሳጥን ነው። አልትራሳውንድ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከምሳ በኋላ እንከራከራለን።